ሥራችሁ ከየት ይጀምራል? ለድሬዳዋና ለሐረር ስቱዲዮዎች የሙዚቃ ሶፍትዌር ግምገማ

«የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ የለመደውን ያወድሳል። በኤፍኤል የጀመረ ኤፍኤልን፣ በኩቤዝ ያደገ ኩቤዝን ይጠራል። ሊገዛ ላሰበ ሰው ይህ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ከበሮ ወደ መደርደር፣ ኪቦርድ ወደ መጫወት ወይስ ማይክ ወደ መክፈት? ትልልቆቹ ሶፍትዌሮች ሁሉ ዛሬ አንድን ዘፈን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያደርሳሉ። የሚለያዩት የመጀመሪያውን ሰዓት በማቅለላቸው ወይም በማክበዳቸው ነው። ዘፋኙ ቁጭ ብሎ በሚጠብቅበት ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ያ ሰዓት ብዙ ነገር ይወስናል።

በድሬዳዋ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ በአንድ ሳምንት ውስጥ የኦሮምኛ ነጠላ ዜማ፣ የሶማሊኛ የሠርግ ዘፈን፣ ነሺዳ፣ የአማርኛ ዘፈንና የመዘምራን ዝማሬ ሊያስተናግድ ይችላል። ሐረር ላይ ዚክሪ የሚባለው የሐረሪ መንፈሳዊ ውዳሴ ይጨመርበታል። መነሻቸው አንድ አይደለም። የሠርጉ ዘፈን ከኪቦርዱ ስታይል (በኪቦርዱ ውስጥ ከተዘጋጀ አጃቢ ምት) ይነሳል። ነሺዳው ከድምፅ ይነሳል፤ አንዳንዴም ከድምፅ ሌላ ምንም የለውም። ዚክሪው ከበሮው፣ የእንጨት ማጨብጨቢያውና ተቀባዮቹ በአንድ ክፍል አብረው ሲሄዱ ነው ነፍስ የሚኖረው። የወጣቶቹ አዲስ ዘፈን ደግሞ ከቢት ይጀምራል። ኤፍኤል ስቱዲዮን፣ ሪፐርን፣ ኩቤዝን፣ ኤብልተን ላይቭንና ሎጂክ ፕሮን ያየናቸው በእነዚህ መነሻዎች በኩል ነው።

ከቢት ለሚነሳ

ኤፍኤል ስቱዲዮ በ1997 ከቤልጅየም ፍሩቲሉፕስ ተብሎ ሲወጣ ትንሽ የከበሮ መደርደሪያ ነበር፤ ያ አመጣጡ ዛሬም ይታይበታል። ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣው ቻናል ራክ ነው። ኪክ፣ ስኔር፣ ሃይሃት በየመስመራቸው 16 ቁልፍ ይዘው ይጠብቃሉ። ኖታ ለመጻፍ፣ ለመቅዳትና ለማሳጠር ፒያኖ ሮሉ (ኖታ የሚጻፍበት ገጽ) ከአምስቱ ሁሉ ፈጣኑ ነው ብለን እናምናለን። ሌላው መሣሪያ የሚጫወተው ኖታ ከጀርባ ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ቤዙን ከክራሩ ጋር ማስማማት ቀላል ነው።

16ቱ ቁልፎች ግን ለእኛ ምት ወጥመድ ናቸው። የ4/4 ባር ናቸውና። ችክችካ 6/8 ነው። ብዙ ጀማሪዎች በ4/4 ላይ ስዊንጉን ከፍ አድርገው ችክችካ ለማስመሰል ይሞክራሉ። ስዊንግ የሚያደርገው እያንዳንዱን ሁለተኛ ቁልፍ ማዘግየት ብቻ ስለሆነ ምቱ ያነክሳል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ በእውነተኛ 6/8 ሲገባበትም አይቀመጥም። ትክክለኛው መንገድ ፕሮጀክቱ ገና ባዶ ሳለ ኤፍ 11 ተጭኖ የምት መለኪያውን 6/8 ማድረግ ነው። ያኔ ባሩ 12 ቁልፍ ይሆናል። በ1ኛውና በ7ኛው ቁልፍ ላይ ዝቅተኛውን የከበሮ ድምፅ፣ በ5ኛውና በ11ኛው ላይ መልስ የሚሰጠውን ቀጭን ምት አስቀምጡ፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ይወጣል። ይህ መነሻ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጉልበቱን አለያዩ። የምቱ ኃይል እስከ 127 ይቆጠራል፤ ዋናው ምት 110 አካባቢ ሲሆን መልሱ 70 ቢሆን የሰው እጅ ይመስላል። ሁሉም 100 ላይ ከቀረ የሚሰማው ማሽን ነው።

የቴምፖ ቁጥርም ብዙዎችን ያሳስታል። ሶፍትዌሮቹ በነባሪነት የሚቆጥሩት ሩብ ኖታን ነው። ተጨፋሪው በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጠው የችክችካ ምት በሶፍትዌሩ ላይ 180 ሆኖ ይጻፋል። 120 ብላችሁ ከጀመራችሁ ዘፈኑ ይጎተታል፤ መሃል ላይ ስታፋጥኑት ደግሞ የተቀዳው ድምፅ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

በ4/4 ቆይቶ እያንዳንዱን ምት በሦስት መክፈልም ያስኬዳል። የፒያኖ ሮሉን ስናፕ (ኖታው የሚያርፍበትን ክፍፍል) የምት አንድ ሦስተኛ ማድረግ ነው። ያን መንገድ ከመረጣችሁ ግን ዲሌዩን ቀጥታ ስምንተኛ ላይ አትተዉት። ማሚቶው ከምቱ ጋር ይጋጫል፣ ዘፈኑም ምክንያቱ የማይታወቅ ግርግር ይሰማበታል። የትሪፕሌት ዲሌይ ምረጡ።

ኤፍኤል የሚደክመው ድምፅ ሲቀዳ ነው። ይቀዳል፤ ነገር ግን አንዱን ስንኝ ስምንት ጊዜ ቀድቶ ከየቅጂው ጥሩ ጥሩውን ቃል ለመምረጥ ሪፐርና ኩቤዝ ይበልጡታል። ከመግዛታችሁ በፊት የእትሙን ዝርዝር አንብቡ። ፍሩቲ የሚባለው ዝቅተኛው እትም ለረጅም ዓመታት ድምፅ መቅጃ ሳይኖረው ነው የተሸጠው። ማይክ ላለበት ስቱዲዮ ፕሮዲውሰር የሚባለው እትም ይሻላል፤ ዋጋው ከ200 ዶላር በታች ነው። ትልቁ ደግነቱ አንዴ ከተገዛ በኋላ የሚመጡት አዳዲስ ቅጂዎች በነፃ መሆናቸው ነው፤ ከተፎካካሪዎቹ መካከል ይህን ያህል ዘመን በዚህ የጸና የለም። የሙከራው ቅጂ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ዘፈኑንም ወደ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ያወጣል። አንድ ነገር ብቻ ይከለክላል፤ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት እስክትገዙ ድረስ መልሶ አይከፍትም። ይህን ሳያውቁ የሦስት ቀን ሥራ ዘግቶ መነሳት ያሳዝናል።

ከኪቦርድ ለሚነሳ

በድሬና በሐረር የሠርግ ሙዚቃ አከርካሪው አሬንጀር ኪቦርድ ነው። ስታይሉን ያስነሳል፣ በግራ እጅ ኮርድ ይይዛል፣ በቀኝ ይመራል። ይህን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ከሚመስለው በላይ ውስብስብ ነው፣ የሶፍትዌሩ ምርጫም እዚህ ላይ ጎልቶ ይለያል።

በዩኤስቢ ገመድ ሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የቁልፎቹን አመታት የሚናገር መልእክት) ሲላክ በያማሃ አሬንጀሮች ላይ ስታይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 16 ባሉት ቻናሎች ይወጣል፤ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጊታሩ እያንዳንዱ በየራሱ። ኩቤዝ ላይ አንድ ሚዲ ትራክ ከፍታችሁ ሁሉንም ቻናል እንዲቀበል አድርጉ፣ ከተቀዳ በኋላ «ዲዞልቭ ፓርት» የሚለው ትእዛዝ በቻናል ከፋፍሎ በየትራኩ ያስቀምጠዋል። ሪፐርም ሚዲውን በቻናል የሚበትን ትእዛዝ አለው። ኤፍኤል ለዚህ ሥራ ከሁለቱ ያነሰ ምቹ ነው። ድምፁ እጥፍ እየሆነ ከሰማችሁ ኪቦርዱ ራሱም ኮምፒውተሩም እየተጫወቱ ነው፤ በኪቦርዱ ላይ «ሎካል» የሚለውን አጥፉ።

ዋናው ችግር ቅኝት ነው። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በፒያኖ ቁልፍ ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይቀመጣል። አንቺሆዬ ግን ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ይሆናል፤ በጆሮ ከተቃኘ ክራር ወይም ማሲንቆ ጋር ሲገናኝ ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ጥቂት ሴንት (የሰሚቶን መቶኛ) ይርቃል። ጎበዝ ተጫዋች ይህን በኪቦርዱ የስኬል ቱን ገጽ ላይ ያስተካክለዋል። ያ ማስተካከያ የሚኖረው በኪቦርዱ ድምፅ ማመንጫ ውስጥ ነው። ሚዲው የሚልከው የትኛው ቁልፍ በምን ጉልበት እንደተመታ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሚዲ በኮምፒውተሩ ቪኤስቲ (በሶፍትዌር በተሠራ መሣሪያ) ስታጫውቱት ቅኝቱ ጠፍቶ ደረቅ ፒያኖ ይሆናል፣ ድምፃዊውም «ዜማው ተበላሸ» ይላል። እውነቱን ነው።

መፍትሔው እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። በ2024 የወጣው ኤብልተን ላይቭ 12 የቅኝት ሥርዓት የሚጭን ክፍል አለው። በሴንት የተጻፈ ፋይል ስትሰጡት የራሱ መሣሪያዎች በሙሉ በዚያ ይቃኛሉ፣ ፒያኖ ሮሉም በቅኝቱ ኖታዎች ይደረደራል። ለኢትዮጵያ ቅኝት ለሚጨነቅ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አቀናባሪዎቻችን ገና በሚገባ እየተጠቀሙበት አይደለም ብለን እናስባለን። ሎጂክ ፕሮ በፕሮጀክት ማስተካከያው ውስጥ 12ቱንም ድምፆች በሴንት ማዛወሪያ ሰንጠረዥ አለው፤ የሚሠራው በራሱ መሣሪያዎች ላይ ነው። ኩቤዝ ማይክሮ ቱነር የሚባል የሚዲ ኢፌክት አለው፤ ቪኤስቲው የሚቀበለው ከሆነ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ይቃኛል። በኤፍኤል እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ጥቂት ሴንት ማንሳትና ማውረድ ይቻላል፣ ነገር ግን በራሱ መሣሪያዎች ላይ እንጂ ከውጭ በመጣ ቪኤስቲ ላይ አይሠራም። ሪፐር ለብቻው የሚጠቀስ መሣሪያ የለውም፤ በፒች ቤንድ (ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያጥፈው ማዞሪያ) ወይም በፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ በሚታከል ተጨማሪ ፕሮግራም) ይሠራል። ፒች ቤንድ ስትጠቀሙ ክልሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ኪቦርዱ 2 ሰሚቶን፣ ቪኤስቲው 12 ሰሚቶን ከሆነ ትንሿ ማዞር ወደ ጩኸት ትለወጣለች።

ኪቦርዱ ላይ ያለው ድምፅ የሚወደድ ከሆነ ደግሞ ሚዲውን ትታችሁ ድምፁን ራሱን ቅዱ። ከኪቦርዱ የላይን አውት ሁለት ገመድ ወደ ሳውንድ ካርዱ የላይን መግቢያ፤ ወደ ማይክ መግቢያ ከገባ ይሰነጠቃል። ሶፍትዌሩ የሚዲ ክሎክ (ሁለቱን በአንድ ፍጥነት የሚያስኬድ ምልክት) ይላክ፣ ኪቦርዱ የውጭ ክሎክ ይቀበል፤ ከዚያ ከበሮውን ብቻ፣ ቀጥሎ ቤዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ሌላውን እያላችሁ በአራት ወይም በአምስት ዙር ለያይታችሁ ቅዱ። ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ሚክስ የሚያደርገው ሰው ኪኩን ከፍ ማድረግ ሲፈልግ ሙሉውን ስታይል ከፍ ለማድረግ አይገደድም።

ኩቤዝን በዚህ ክፍል አንደኛ የምናደርገው ለዚህ ሁሉ ነው። በ1989 ለአታሪ ኮምፒውተር ሲወጣ ጀምሮ የሚዲ ሰው ሶፍትዌር ነው፤ ቪኤስቲ የሚባለውንም አሠራር በ1996 ያመጣው እሱን የሠራው ስታይንበርግ ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል። ሙሉው ኩቤዝ ፕሮ ከ500 ዶላር በላይ ሲሆን ኤለመንትስ ወደ 100 ዶላር ነው። ከቅጂ 12 ጀምሮ ያ የሚሰካው የዩኤስቢ ቁልፍ ቀርቷል፤ አሁን ፈቃዱ በኢንተርኔት ይነቃል፣ እስከ ሦስት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል።

ከማይክ ለሚነሳ

ነሺዳ፣ መንዙማ፣ መዝሙርና ዚክሪ ለሚቀዳ ስቱዲዮ ምክራችን ሪፐር ነው፤ ያለ ማመንታት።

መጫኛው ለዊንዶውስ ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። በስልክ ዳታ አውርዳችሁ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትከፍቱታላችሁ፤ አዲሱ ኩቤዝ ወይም የላይቭ ሙሉ ስብስብ ጊጋባይቶችን ሲጠይቅ ማለት ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከድሬ ወደ ሐረር በኪስ መሄድም ይችላል፤ ማስተካከያዎቹ አብረው ይሄዳሉ። ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድል ይሞከራል። ፈቃዱ ለግለሰብና ዓመታዊ ገቢው ከ20,000 ዶላር ለማይበልጥ ሥራ 60 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው 225 ዶላር ነው። ፈቃዱ ትንሽ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይም ይገባል።

ዋና ጉድለቱን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል፤ መሣሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ፒያኖ፣ ከበሮ፣ ስትሪንግ ይዞ አይመጣም። ከቢት የሚነሳ ሰው ሲከፍተው ባዶ ግራጫ ገጽ ያያል፣ ተስፋ ቆርጦም ይዘጋዋል። ለእሱ አልተሠራም።

ለዚክሪ ግን ተሠርቷል ያሰኛል። ከበሮው ካራቡ፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ካበል፣ መሪው ድምፅና ተቀባዮቹ በአንድ ጊዜ ነው የሚቀዱት፤ ለየብቻ ከተቀዱ ነፍሱ ይወጣል። ቢያንስ አራት፣ ቢቻል ስምንት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። በሪፐር ትራኮቹን መርጣችሁ በአንድ ጊዜ ለቅጂ ታዘጋጃላችሁ፣ በአንድ ቡድን ታስሩና አንዱን ስትቆርጡ ሁሉም እኩል ይቆረጣሉ። ካበል ድንገተኛና ሹል ድምፅ ስላለው መለኪያው ከሚያሳየው በላይ ይዘላል፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል ላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ጌይኑን (የመግቢያውን የድምፅ መጠን) ዝቅ አድርጉ። በ24 ቢት ሲቀዳ ዝቅ ማለቱ ምንም አይጎዳም፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይመለስም። ካበሉ በመሪው ማይክ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ማይኩ ከድምፁ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ከሆነ መደራረቡ ይቀንሳል። ሁለት ማይኮች አንድ ላይ ሲከፈቱ ከበሮው ሆዱ የጠፋ ከመሰለ በአንደኛው ትራክ ላይ የፌዝ መገልበጫውን ተጫኑ፤ የሚሞላውን ያዙ።

ሜትሮኖም አታስገቡ። ዚክሪ እየጋለ ሲሄድ ይፈጥናል፤ መፍጠኑ የእሱ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ መሣሪያ መጨመር ካስፈለገ የሎጂክ ስማርት ቴምፖ ወይም የኩቤዝ ፕሮ የቴምፖ መለያ የተቀዳውን ተከትሎ ካርታ ያወጣል። በሪፐር በእጅ ነው፤ በየአራት ባሩ ምልክት መትከል። በላይቭ ደግሞ ተጠንቀቁ። ረጅም የድምፅ ፋይል ስታስገቡ በራሱ ዋርፕ የሚያደርግ ማስተካከያ ሲመጣ ጀምሮ ክፍት ነው። ቀጥ ብሎ የማይሄድን ምት በግድ ቀጥ ለማድረግ ሲሞክር ድምፁን ያጎሳቁለዋል፤ ፋይሉን ከማስገባታችሁ በፊት በማስተካከያው ውስጥ አጥፉት።

ድምፃዊው በሄድፎን ራሱን ዘግይቶ ሲሰማ ዜማውን ይጎትታል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበት ቦታ) ነው። በሰከንድ በ48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) የ128 ባፈር በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 1,024 ከሆነ 21 ሚሊሰከንድ። መግቢያውና መውጫው ሲደመር የኋለኛው ከ40 ያልፋል፣ ይህን የማይሰማ ድምፃዊ የለም። ስትቀዱ 128፣ ሚክስ ስታደርጉ 1,024። ላፕቶፑ በ128 ከተንጫጫ በሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን የቀጥታ መስሚያ ቁልፍ ተጠቀሙና ባፈሩን ወደ 256 ከፍ አድርጉ። ሳውንድ ካርድ ስትገዙ አሲዮ የሚባለው፣ መዘግየትን የሚቀንስ የራሱ ድራይቨር ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ የዊንዶውሱ ነባር መንገድ ለቅጂ አይሆንም።

ስለ ድምፅ ማስተካከያ አንድ ነገር። የሪፐር ሪያቱን ቀላል ነው፣ የኩቤዝ ፕሮ ቫሪኦዲዮና የሎጂክ ፍሌክስ ፒች በጣም የተሻሉ ናቸው፣ ኤፍኤል ኒውቶንን በከፍተኛ እትሞቹ ይሰጣል። በየትኛውም ብትሠሩ ማሽኑ ስለ ቅኝት አያውቅም። 12ቱንም ድምፅ ክፍት ከተዋችሁ ከዜማው ውጭ ወደሆነ ድምፅ ይስባል። የትዝታን አምስት ድምፅ ብቻ ከተዋችሁ ደግሞ በሚና በሶል መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ የድምፃዊው ማዞርና ማርገብገብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ እንደ ሮቦት ይሆናል። አምስቱን ምረጡ፣ የመሳቢያውን ፍጥነት ግን ከ50 እስከ 80 ሚሊሰከንድ አዘግዩት። ከተቻለ ስቷል የምትሉትን ኖታ ብቻ በእጅ አስተካክሉ፤ የቀረውን አትንኩ።

ሙቀት፣ መብራትና ክፍያ

በግንቦትና በሰኔ የድሬ ላፕቶፕ ከሐረሩ ጋር አንድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ትናንት ማታ በሰላም የሄደው ፕሮጀክት እኩለ ቀን ላይ መንጫጫት ይጀምራል። ሶፍትዌሩን ከመውቀስ በፊት ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ሁለት ጣት ከፍ አድርጉ፣ አቧራውን አስነፉ፣ ከባዱን ትራክ ፍሪዝ አድርጉ። ፍሪዝ ትራኩን ለጊዜው ወደ ድምፅ ፋይል ለውጦ ፕለጊኑን ያሳርፈዋል፤ አምስቱም ሶፍትዌሮች በየራሳቸው መንገድ ይህን ያደርጋሉ። ኤሲውና ቬንትሌተሩ በሚቀዳበት ጊዜ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ቅጂውን ከሦስትና ከአራት ደቂቃ በማይበልጥ ቁራጭ አድርጉት፤ ድምፃዊው በታፈነ ክፍል ሲያልበው ድምፁ ይደክማል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናትና በዚህ በኩል ትገላገላለች፤ የጁገል ጠባብ መንገድ የባጃጅ ድምፅ ግን እዚያም አለ።

መብራት ሲጠፋ ሶፍትዌሮቹ እኩል አይደሉም። ኤፍኤልና ሪፐር በየ5 ደቂቃው በራሳቸው ሴቭ እንዲያደርጉ ማዘዝ ይቻላል። በሪፐር እያንዳንዱን በሰዓት በተሰየመ ሌላ ፋይል እንዲያስቀምጥም ማድረግ ይቻላል፤ አድርጉት። ኩቤዝ መጠባበቂያ ፋይል በየተወሰነ ደቂቃ ይጽፋል፣ ክፍተቱን አሳጥሩት። ላይቭ ድንገት ሲዘጋ መልሶ የሚያነሳ መንገድ ቢኖረውም በሰዓት የሚሠራ ሴቭ የለውም፤ የላይቭ ሰው እጁን ኮንትሮል ኤስ ማስለመድ አለበት። ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ ያለ ጥያቄ ይግዛ፤ በድሬው ታይዋን ገበያ ስትገዙ የባትሪውን ዕድሜ እዩ እንጂ የሳጥኑ መጠን አያታልላችሁ። በመቅዳት ላይ ሳለ መብራት ከጠፋና የዌቩ ፋይል አልከፈት ካለ አታጥፉት። የፋይሉ ራስጌ ሳይሞላ ቀርቶ እንጂ ድምፁ ውስጡ አለ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር «ጥሬ ዳታ አስገባ» በሚለው ትእዛዝ 24 ቢት፣ ሞኖ፣ 48,000 ብላችሁ ክፈቱት፤ ጩኸት ብቻ ከሰማችሁ መነሻ ባይቱን በ1 ወይም በ2 ከፍ አድርጋችሁ ደግማችሁ ክፈቱ፤ ሲስተካከል መጀመሪያው ላይ አጭር ጠቅታ ይሰማል፣ ቀሪው ድምፃዊው የዘፈነው ነው።

የቦታ ስሌትም ይኑራችሁ። አንድ ሞኖ ትራክ በ48,000 እና በ24 ቢት በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል። 20 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን ወደ 860 ሜጋባይት ነው፤ ድጋሚ ቅጂዎቹ ሲጨመሩ ከሁለትና ሦስት ጊጋባይት ያልፋል።

ክፍያ እውነተኛ እንቅፋት ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ያላቸው አቀናባሪዎች ጥቂቶች ስለሆኑ ከተማው በክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚዞር ሶፍትዌር) ይሠራል። ይህን የምናነሳው ለመክሰስ አይደለም። ክራክ በሥራ ላይ የሚያደርሰውን ስለምናውቅ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው መጫኛ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ዊንዶውሱ ሲታደስ ፕለጊኑ ይሞታል፣ ከስድስት ወር በኋላ ደንበኛው «ሁለተኛውን ስንኝ ቀይሩልኝ» ሲል ፕሮጀክቱ ግማሽ መሣሪያው ጎድሎ ይከፈታል። ምንም ዶላር ሳይወጣ በንጽሕና ለመጀመር ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ ገደብ የለውም፣ ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ 8 የድምፅ ትራክ ይሰጣል፣ ማክ ያለው ደግሞ ጋራዥባንድ በእጁ ነው። ስልክ ብቻ ያለው ወጣት ባንድላብ ላይ ሐሳቡን ይንደፍበት፤ ድምፅ ለመቅዳት ግን የአንድሮይድ መዘግየት ያስቸግረዋል።

ሎጂክ ፕሮ በዊንዶውስ አይሠራም፤ የማኩ ቅጂ 199.99 ዶላር ነው፣ 90 ቀን ይሞከራል። ድምፃዊም አቀናባሪም የሆነ ብቸኛ ሰው ማክ ካለው ከዚህ የተሻለ የለም፤ መሣሪያውም መቅጃውም ሙሉ ነው። ሙሉው የድምፅ ስብስብ ከ70 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ እየመረጣችሁ አውርዱ። ኤብልተን ላይቭ ከቅኝቱ ሌላ በመድረክ ላይ ነው የሚያበራው፤ ከባንድ ጋር ኋላ ትራክ እያስነሳ ለሚጫወት ሰው ሰሽን የሚባለው ገጽ ተወዳዳሪ የለውም። ኢንትሮ የሚባለው እትም በ16 ትራክ የተገደበ መሆኑን አትርሱ፤ ለመድረክ ይበቃል፣ ሙሉ ዘፈን ለማቀናበር ይጠባል።

ለሚክስ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ

የተለያየ ሶፍትዌር መጠቀም አያስፈራ። አንዳንዱ አቀናባሪ ቢቱን በኤፍኤል ሠርቶ ድምፁን በሪፐር ይቀዳል፤ ይህ ጥሩ ጋብቻ ነው። የሚበላሸው ሲላክ ነው። እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ጀምራችሁ አውጡ፤ ድምፃዊው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢገባም ፋይሉ ከዜሮ ይነሳ። ዌቭ፣ 24 ቢት፣ ሁሉም በአንድ የሳምፕል መጠን። አንዱ 44,100 ሌላው 48,000 ከሆነ በግዴለሽነት ሲገቡ ፍጥነቱና ቅኝቱ ይዛባል። በማስተር ትራኩ ላይ ያለውን ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚገድብ) አጥፉ፤ ማሚቶና ሪቨርብ ያለበትን ድምፅ አንድ ጊዜ ከነኢፌክቱ፣ አንድ ጊዜ ደረቁን ላኩ። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ፕሮግራም የግዕዙን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ቴምፖውንና የምት መለኪያውን በፎልደሩ ስም ላይ አኑሩ፤ ችክችካ ከሆነ 180ው ሩብ ኖታ መሆኑን ጭምር። ከዚያ ፎልደሩን ከመላካችሁ በፊት በባዶ ፕሮጀክት ውስጥ ሁሉንም ዜሮ ላይ ደርድራችሁ እስከ መጨረሻው አድምጡት፤ የጎደለ ከበሮ ካለ አሁኑኑ ይሰማል።